ከቆላው ሙዝ እስከ ደጋው ፖም

የሥነ ፍጥረት መምህራን ዕለተ ሠሉስን ሲተረጕሙ፣ እግዚአብሔር በዚያች ዕለት ከምድር ያስገኛቸውን ዕፀዋት በእጅ የሚለቀሙ፣ በማጭድ የሚታጨዱና በምሳር የሚቆረጡ እያሉ በሦስት ወገን ይከፍሏቸዋል። እኛ በሰሜኑ ደጋ ተወልደን ያደግን ሰዎች ከሦስቱ ወገን ሁለተኛውን፣ ይኸውም በማጭድ የሚታጨደውን እህል፣ ከሁሉ አብልጠን አክብረን እንይዛለን፤ ጎተራ የሚሠራለት፣ ግብር የሚከፈልበት፣ ለሰንበቴውና ለማኅበሩ የሚደገስበት፣ ጠፋ ሲባልም ረኃብ ገባ የሚያሰኘው እርሱ ነውና። በምሳር የሚቆረጠውም ቤት ይሠራበታል፣ እሳት ይነድበታል። በእጅ የሚለቀመው ግን፣ እንጆሪም ሆነ ሾላ፣ እንኮይም ሆነ ኮክ፣ የእረኛና የሕፃን ድርሻ ሆኖ ቀርቷል፤ የጎለመሰ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ቢቀጥፈው አያስነቅፈውም፣ ነገር ግን ማዕድ ብሎ አይቀርብበትም። ይህን ልማድ በልቡ ይዞ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ፣ ፍሬና ተክል ሕዝብን የሚያኖርባቸውን አገሮች ባየ ጊዜ፣ የመምህራኑን ክፍፍል ከሥሩ ጀምሮ እንደ ገና ሊያሰላስለው ይገደዳል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሞጆን ያለፈ ሰው፣ መቂ አካባቢ ሲደርስ የምድሩ ጠባይ መለወጡን በመንገዱ ዳር የተከመረው ፓፓያ ይነግረዋል። ፓፓያ ጥንተ አገሩ መካከለኛው አሜሪካ ነው፤ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ በእስፓኞችና በፖርቱጋሎች መርከብ ውቅያኖሱን ተሻግሮ ሞቃቱን ዓለም ሁሉ አዳርሷል። በዝዋይ ሐይቅ ዳር ያነጋገርኩት አንድ አትክልተኛ እንዳስረዳኝ፣ ዛፉ ወንድና ሴት አለው፤ ሲተከል ግን አይለይም፤ ስለዚህ ገበሬው በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ችግኝ አብሮ ይተክልና አበባ እስኪያወጣ ይታገሣል፤ በረጃጅም ዘንግ ላይ አበባውን የሚያንጠለጥለው ወንዱ በታወቀ ጊዜ ይቆረጣል፤ ለማዳቀያ ያህል ከብዙ ሴቶች መካከል አንድ ሁለት ብቻ ይቀራል። ይህን ሲነግረኝ እጁን በአንዲቱ ዛፍ ግንድ ላይ አሳርፎ ነበር፤ ፍሬዎቹ ከአንገቷ ሥር እየተደራረቡ ስለከበዷትም በባላ ደግፏታል።

በዚያው ሐይቅ ዳርቻ ሰፊ የወይን ተክል ተንጣልሎ ይታያል። ከባሕሩ ማዶ ባሉት ደሴቶች ላይ ደግሞ፣ በዮዲት ዘመን ከአክሱም የተሰደዱ ካህናት ንዋያተ ቅድሳትንና መጻሕፍትን ይዘው እንደ ተጠጉበት የሚተረክለት የደብረ ጽዮን ገዳም አለ። ሁለቱን በአንድ እይታ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስበው አያልፍም። ቤተ ክርስቲያናችን ከፍሬ ሁሉ መርጣ ወደ መንበሩ የምታቀርበው ወይንን ነው፤ ይሁን እንጂ በአብዛኛው የደጋ አገር እሸት ወይን ስለማይገኝ፣ ካህናቱ ዘቢቡን በውኃ ዘፍዝፈው ጨምቀው መሥዋዕቱን ያዘጋጃሉ። በሩቅ ገጠር ያለ ደብር ከነጋዴ የተገዛችውን ጥቂት ዘቢብ በክብር ቋጥሮ ያስቀምጣል። ስለዚህ በእጅ የሚለቀመውን ወገን በገበታችን ላይ ብናቃልለውም፣ በቤተ መቅደሱ ከፍ ካለው ስፍራ አስቀምጠነዋል ማለት ነው፤ የመሥዋዕቱ ሥንዴና ወይን እኩል ናቸውና። ይህን አክብሮት ከመቅደሱ ወደ ጓሯችን ለምን እንዳላወጣነው ግን ይገርመኛል።

በሻሸመኔ የጭማቂ ቤቶች አሉ፤ ፓፓያው፣ ማንጎውና አቮካዶው ሳይቀላቀሉ በአንድ ብርጭቆ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው፣ ሎሚ ተጨምቆባቸው፣ ስፕሪስ ተብለው በማንኪያ ይቀርባሉ። የታችኛው ቀይ፣ የመካከለኛው ቢጫ፣ የላይኛው አረንጓዴ ነው። ማንጎው ከሺሕ ዓመታት በፊት በህንድ አገር የለመደ ዛፍ ነው፤ አቮካዶውና ፓፓያው የሜክሲኮና የአካባቢው ተወላጆች ናቸው። አቮካዶ ወደ አገራችን የገባው በ1930 ዓ.ም. ግድም ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተከሉትም በሐረርጌ ሂርናና ከሻሸመኔ ብዙ በማይርቀው በወንዶ ገነት የነበሩ የግል አትክልተኞች እንደ ሆኑ ይነገራል። በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ የሲዳማና የወላይታ ጓሮ ነባር ዛፍ እስኪመስል ድረስ ተስፋፋ። ዛፍ በአንድ አገር ባዕድ ሆኖ የሚቆየው እስከ መጀመሪያው ፍሬው ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልጆች በጥላው ይጫወታሉ፣ ሽማግሌዎች ይሰበሰቡበታል፣ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅም አይገኝም።

ከወላይታ ሶዶ ወደ ምዕራብ ዐባያ ሲወረድ ማንጎው ይበዛል። ከዘር የበቀሉ ታላላቅ ዛፎች ናቸው፤ ፍሬያቸው ጭረት ቢኖረውም ጣዕሙ ጠንካራ ነው፤ ልጆች በመዳፋቸው አሽተው አለስልሰው አናቱን በጥርሳቸው ነክሰው ይመጡታል። በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውና ወደ ሌሎችም የማንጎ አገሮች የተዛመተው፣ ቅጠሉን በነጭ ቅርፊት የሚሸፍነው ተባይ ብዙ ገበሬ አሳዝኗል፤ ዛፉ በጣም ረጅም ስለ ሆነ መድኃኒት እንርጭበት ቢሉ እንኳ እስከ ጫፉ አይደረስበትም።

የዐባያ ሐይቅ ውኃ ቀላ ብሎ የቡና ገለባ መልክ ሲኖረው፣ ከእርሱ በደቡብ ያለው ጫሞ ሰማያዊ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን የተራራ ጀርባ የአገሩ ሰው የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ከአርባ ምንጭ በፊት፣ ከዐባያ ዳር እስከ ተራራው ግርጌ፣ ላንቴና ጫኖ የሚባሉት ቀበሌዎች አሉ፤ አዲስ አበባ የምትበላው ሙዝ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህና ከአካባቢው ማሳዎች ነው። ከተራራው የሚወርደው የሐሬ ወንዝ በቦይ በቦይ ተከፋፍሎ ማሳውን ያጠጣዋል። ወደ ውስጥ የገባ ሰው ከፀሐይ ተለይቶ አረንጓዴ ብርሃን ወዳለበት አዳራሽ የገባ ያህል ይሰማዋል፤ መሬቱ በደረቀ ቅጠል ተነጥፏል፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ ከየዘለላው ጫፍም ሐምራዊው እምቡጥ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል።

የማሳው ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ነበሩ።

«አባቴ፣ ይህ ሙዝ ከተተከለ ስንት ዓመት ሆነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ማሳው የተተከለው እኔ ጎልማሳ ሳለሁ ነው፤ ሙዙ ግን አያረጅም፣ ልጄ» አሉኝ። «እናቲቱ አንድ ጊዜ ወልዳ ትወድቃለች፤ ልጅቱ በእርሷ ስፍራ ትቆማለች፤ የልጅ ልጅም ከሥር ትወጣለች። እኔ የምጠብቀው ከሦስት እንዳይበልጡ ነው። ሁሉም ይደጉ ብዬ ከተውኋቸው ሁሉም ይከሳሉ።»

ቀጥለውም ለመቆረጥ የደረሰች አንዲት ዘለላ ሊያሳዩኝ ልጃቸውን ጠሩት። አባትየው ግንዷን ከወገቧ በላይ በቆንጨራ አንድ ጊዜ ብቻ መቱት፤ ተክሏም ሳትሰበር ቀስ ብላ አጎነበሰች፤ ልጁ በታጠፈ ቅጠል ትከሻውን ሸፍኖ ዘለላዋን ሳትጋጭ ተቀበላት፤ ያን ጊዜ አንገቷ ተቆረጠ። ከቁርጡ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ሲወርድ ውኃ ይመስላል፤ ልብስ ላይ ካረፈ ግን ጠቁሮ ይቀራል፣ በሳሙናም አይለቅም፤ የልጁ ሸሚዝ ትከሻው በሙሉ በእርሱ ተነቅሷል። የወደቀውን ግንድ ጎንበስ ብዬ ስመለከተው እንጨት የሚባል የለበትም፤ ቅጠል በቅጠል ተጠቅልሎ የቆመ፣ ውስጡ በውኃ የተሞላ ቀዳዳ ብቻ ነው። በምሳር የሚቆረጥ እንዳይባል እንጨት አይደለም፤ በማጭድ የሚታጨድ እንዳይባል ቁመቱ ከሰው በላይ ነው፤ በእጅ የሚለቀም እንዳይባልም አንዲቷን ዘለላ ለማውረድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

የሙዝ ጥንተ አገሩ ደቡብ ምሥራቅ እስያና ኒው ጊኒ ነው። የዱሩ ሙዝ በጠንካራ ፍሬ ዘር የተሞላ ስለ ሆነ ለመብላት አይመችም፤ የጥንት ሰዎች ዘር አልባ የሆኑትን እየመረጡ ከሥራቸው የሚወጣውን ቡቃያ እየነቀሉ መትከልን ለመዱ፤ ከዚያም ወዲህ የምንበላው ሙዝ በዘር አልተወለደም። በአርባ ምንጭ በብዛት የሚተከለው አጭሩ የኬቨንዲሽ ወገን፣ ከቻይና ወጥቶ በሞሪሸስ ደሴት አልፎ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ እንግሊዝ አገር በዴቮንሺር መስፍን የመስታወት ቤት ጆሴፍ ፓክስተን በተባለው አትክልተኛ እጅ ያደገው ነው፤ ኬቨንዲሽ የመስፍኑ ቤተሰብ ስም ነው። እንግዲህ በላንቴ ያለችው ልጅቱም እናቲቱም፣ በሌላው ዓለም ያሉትም ብዙ ሚሊዮን ተክሎች፣ አንድ አካል ተከፋፍሎ የቆመባቸው ናቸው። በዚህም ምክንያት አንዱን የሚገድል ደዌ ሁሉን ይገድላል። ከኬቨንዲሽ በፊት በዓለም ገበያ የሠለጠነው ግሮ ሚሼል የተባለው ሙዝ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፓናማ በሽታ ከእርሻው ጠፋ፤ ያው በሽታ በአዲስ ጠባይ ተመልሶ ኬቨንዲሽን እያጠቃ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2013 በሞዛምቢክ ታይቷል። ይህን ለሽማግሌው ባስረዳቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ከሌላ ማሳ ቡቃያ ሲመጣ እንግዲህ አፈሩን አጥቤ ነው የማስገባው» አሉኝ። መልካም ጥንቃቄ ነው፤ ነገር ግን በሽታው በቡቃያው ውስጥ ተሰውሮ ሊመጣ ስለሚችል፣ የግብርና ባለሙያ ከበሽታ ነጻ ከሆነ ስፍራ የመጣ ቡቃያ ብቻ እንዲተከል ይመክራል።

ሙዙ የሚሸጠው ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። በጭነት መኪና ተጭኖ፣ በራሱ ቅጠል ተሸፍኖ ሌሊቱን ይጓዛል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ታፍኖ ይበስላል። ቢጫ ሆኖ በየሱቁ ደጃፍ ሲሰቀል የሚያየው የከተማው ሰው ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው ደላላው ሲሆን፣ ገበሬው ሙዙ ከተማ ምን ያህል እንደ ተሸጠ የሚሰማው ከሹፌሮች ወሬ ነው። ይህን ያህል የደከመበት ሰው በመጨረሻው ዋጋ ላይ ቃል የሌለው መሆኑ ፍርድ የጎደለው ነገር ነው፤ በማጭድ የሚታጨደውን እህል የሚያመርተውም ወንድሙ ከዚህ እጅግ የተሻለ ዕድል የለውም።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ግድም ላይ ስትገኝ፣ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩም በየመቶ ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ ለበረሓ ለብሶ የተነሣ ሰው ከቀትር በፊት ጋቢ ይሻል። የቆላው ሽፈራውና ማንጎው ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ቀርከሃው፣ ገብሱና እንሰቱ ይተካሉ፤ ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ መንገዱን ይዘጋል። የዶርዜዎች ቤት በዚህ ከፍታ ላይ ነው። በቀርከሃ ተጠልፎ፣ በእንሰት ሽፋን ተከድኖ፣ ከፊቱ የዝሆን ግንባርና ኩምቢ የሚመስል ደጃፍ ያለው ሲሆን፣ ምስጥ ከታች በበላው ቍጥር ቤቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም። ወንዶቹ ሸማኔ፣ ሴቶቹ ፈታይ ናቸው። በዓል ሲመጣ እኛ ለብሰነው ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው የሸማ ጥበብ፣ በሽሮ ሜዳም ቢገዛ፣ ሥሩ እዚህ ነው።

በእነርሱ ጓሮ ያለውን እንሰት የሰሜን ሰው ያውቀዋል፤ ኮባ እያልን በየደጃፋችን እየተከልን ለድፎ ዳቦ መጋገሪያ ቅጠሉን እንቆርጠዋለንና። የምንወስደው ግን ቅጠሉን ብቻ ነው፤ የቀረውን ለጌጥ እንተወዋለን። ጥንት ግን እንዲህ አልነበረም፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በዚያው በሰሜኑ እንሰት አይቶ ሥዕሉን አሥሎ ስለ ምግብነቱ ጽፏል። ዛሬ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ የአገራችን ሕዝብ ኑሮውን በእርሱ ላይ አድርጓል። የዱሩ በምሥራቅ አፍሪካ በሌላም ስፍራ ይበቅላል፤ አልምዶ ምግብ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ሰው ብቻ ነው። የሙዝ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ሙዝ ፍሬውን ሲሰጥ እንሰት ግንዱንና ሥሩን ይሰጣል።

በዶርዜ አንዲት እናት ሥራውን አሳዩኝ። ከወደቀው ግንድ የተላጠውን ወፍራም ቅርፊት ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ዘርግተው፣ ጫፉን በእግራቸው ረግጠው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይፍቁታል፤ ነጩ ሥጋ ከታች ወደ ተነጠፈው ቅጠል ይወርዳል፣ በእጃቸው የሚቀረው ቃጫ ታጥቦ ገመድ ይሆናል። የተፋቀው በቅጠል ተጠቅልሎ በጉድጓድ ይቀበራል፤ እየቦካ ወራት ይቆያል፤ ከጊዜ ወደ ጊዜም ይገላበጣል፤ ቆጮ የሚባለው ይህ ነው። ከፈሳሹ የሚረጋው ቡላ ነው፤ ሥሩም እንደ ድንች ተቀቅሎ ይበላል።

«እማማ፣ ስንት ዓመት ሲሞላው ነው የሚፋቀው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እንደ ምድሩ ነው። አራትም፣ አምስትም፣ ከዚያም በላይ ይቆያል። ካልቸገረን አንጣደፍበትም» አሉኝ።

ይህ «ካልቸገረን» የሚለው ቃል ለእኔ ከብዙ መጽሐፍ በላይ አስረድቶኛል። ጤፍ ዝናብ በጠፋበት ዓመት ይጠፋል፤ እንሰት ግን በቁሙ ያለ ጎተራ ነው፤ ዝናብ ቢዘገይ ይታገሣል፣ ችግር በመጣ ቀንም ሳይደርስ ቢቆረጥ ያበላል። የሰሜኑ ደጋ ገበሬ በክፉ ዘመን አገር ጥሎ ሲሰደድ፣ የእንሰት አገር ሰው በቤቱ የቆየው ስለዚህ ነው። የአጠውልግ በሽታ ቢነሣበትም፣ በአንድ ጓሮ ውስጥ ብዙ ዓይነት እየቀላቀሉ የሚተክሉት እናቶች የላንቴውን የሙዝ ማሳ ያህል ለደዌ መንገድ አይከፍቱለትም። ቆጮው በቅጠል ተጠቅልሎ በምጣድ ተጋግሮ፣ ከማርና ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር ቀረበልን፤ እርሾው ከእንጀራችን የተለየ ነው፣ ጣዕሙም ከጉርሻ ወደ ጉርሻ እየተገለጠ ይሄዳል። የእናቲቱን ጓሮ ከመምህራኑ ሦስት ወገኖች በየትኛው እንደማኖረው ሳስብ፣ እጅም ቢላዋም መፋቂያም የሚገባበት አራተኛ ወገን ያለ ይመስለኛል።

ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ነበረች፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መቀመጫው ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ፣ ከተማዋ ለብርዱና ለጉሙ ተተወች። ከዚያ በፊት ግን በ1940ዎቹ መጨረሻ ግድም የወንጌል ሚሲዮናውያን የፖም ችግኝ አምጥተው በዚህ ደጋ ተክለው ነበር። ፖም ጥንተ አገሩ በመካከለኛው እስያ፣ በቲያን ሻን ተራሮች ነው። የአውሮፓ ሠዓሊዎች አዳምና ሔዋን የቀጠፉትን ፍሬ ፖም አድርገው ይሥላሉ፤ የእኛ መምህራን ግን ዕፀ በለስ ብለው አስተምረውናልና ፖም በእኛ ልብ ከምንም ታሪክ ጋር ሳይያያዝ ንጹሕ እንግዳ ሆኖ ገባ። የእንግድነቱ ችግር ብርድን መፈለጉ ነው፤ በብርድ ወራት ካልተኛ አይነቃም፣ ካልነቃም በወጉ አያብብም። ስለዚህ ብዙ ብርድ የማይሹ ዓይነቶች ያስፈልጉታል፤ ከነዚህም አንዷ በእስራኤል አገር የተዳቀለችው አና፣ ሌላዋ በባሃማስ ደሴቶች የተገኘችው ዶርሴት ጎልደን ናቸው።

ጨንቻ ላይ ያገኘሁት ባለ ፖም በጓሮው ጥግ ችግኝ ሲያጋባ ነበር። ከዘር የበቀለ ፖም እናቱን ስለማይመስል፣ በሌላ ሥር ላይ የተፈለገውን ዓይነት ቅርንጫፍ መትከል ግድ ነው። በስለት ቢላዋ ሥሩን በመካከሉ ሰነጠቀ፤ ቅርንጫፉን በሁለት ወገን አሹሎ አስገባ፤ ቅርፊት ከቅርፊት መግጠሙን በጥፍሩ ዳስሶ በላስቲክ አሰረው። ለዓመታት የጨንቻ ሰው ከፍሬው ይልቅ ከችግኙ ብዙ ገንዘብ አግኝቷል፤ ከዚህ የወጡ ችግኞች እስከ ሰሜኑ የገብስ አገር ደርሰዋል። ይህ በማጭድ የሚታጨደውን ብቻ ለምናከብረው ለእኛ ደግ ዜና ነው።

ጎረቤቶቹ አንዳንዶቹ እንሰታቸውን እየነቀሉ በፖም እንደ ተኩ ነገረኝ። እርሱ ግን እንሰቱን ከቤቱ ጀርባ ፍግ በሚደርስበት ስፍራ ትቶ፣ ፖሙን ከእርሱ ወዲያ፣ ገብሱን ደግሞ ከሁሉ ወዲያ አድርጓል። ልክ ነው እላለሁ፤ ፖም ገበያ ሲያጣ ቤተሰብ አያሳድርምና፣ ብርዱም እየቀነሰ ሄዷል እያሉ ሽማግሌዎቹ የሚናገሩት እውነት ከሆነ፣ እንግዳውን ብቻ ታምኖ ነባሩን መንቀል ከባድ ጥፋት ነው። የከተማ ሰው ፖሙን ምን ያደርገዋል ብሎ ጠየቀኝ። ብዙውን ጊዜ በሽተኛ ሲጠይቅ ይዞ ይሄዳል አልሁት። «ጤነኛውስ አይበላውም?» አለኝ፤ እኔም ዋጋው ውድ መሆኑን፣ ብዙው ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ የእርሱ ፖም በየሱቁ እምብዛም እንደማይታይ ነገርሁት። በዚህ ላይ ብዙ አልቆየም፤ ሁለት ችግኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ሰጠኝና ስለ አተካከሉ ያስጠነቅቀኝ ጀመር፦ «አናን ብቻዋን አትትከላት፤ ዶርሴት አጠገቧ ትሁን፤ ንብ በመካከላቸው ካልተመላለሰች አበባ ታያለህ እንጂ ፍሬ አታገኝም። የተጋባበትን አንጓ ከአፈር በላይ አድርገው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያበበውን በእጅህ ልቀምላት፤ ጕልበቷን በሥሯ ላይ ታድርግ። ውኃ በእግሯ አይቁም።»